ጋቢውን ገልጣችሁ እዩ

ልጆቼ፣

ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ወርጄ ትንሽ እራመዳለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን መሬት ላይ ዘርግተው የተበጠሰውን ክር ሲቋጥሩ ቆሜ አያለሁ። ሁልጊዜ የሚታየኝ ደም ነው። ደም ሲረጋ የሚሠራው እንዲሁ ያለ መረብ ነው። ክሩ ፋይብሪን ይባላል። ቀይ የደም ሴሎች እንደ ቀረሶ ዓሣ ተይዘው ይቀሩበታል።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የምትማር ሐኪም)፣ «ሳንባው በጣም ለተጎዳ በሽተኛ ቲፒኤ ለምን አንሰጥም?» ብላ ጠየቀችኝ። ቲፒኤ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። ጥያቄዋን ወደድኩት። መልሱን ግን በአንድ ትንፋሽ መናገር አልቻልኩም፤ ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ።

ቲፒኤ የደም ሥራችን ግድግዳ ራሱ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ፋይብሪኑ ላይ ሆኖ ደም ውስጥ ያለውን ፕላዝሚኖጅን የሚባል ፕሮቲን ወደ ፕላዝሚን ይቀይራል፤ ክሩን የሚቆራርጠው ፕላዝሚን ነው። በፋብሪካ የሚሠራው ቲፒኤ፣ አልቴፕሌዝ የሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በ1996 ደግሞ ለስትሮክ ተፈቀደ። ትልቅ የረጋ ደም የሳንባ ቧንቧ ዘግቶ የደም ግፊቱ ለወረደ በሽተኛም ሕይወት አድን ነው።

ኮሮና የመጣ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው በሽተኛ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲገኝ፣ አሜሪካ ያሉት የኤምአይቲና የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ መድኃኒት ለተጎዳው ሳንባ እንሞክረው እያሉ ነበር። በደቃቅ የሳንባ ደም ሥሮች ውስጥ ብዙ ትንንሽ የረጋ ደም አለ፤ አየሩ ቢገባም ደሙ አያገኘውም ብለው ነው። ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ለነበሩ 3 በሽተኞች ተሰጠ። የሦስቱም ኦክስጅን ተሻሻለ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን መሻሻሉ በጊዜ ብዛት ጠፋ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ሐኪም ሞኒተሩ ላይ የኦክስጅኑ ቁጥር ሲወጣ ሲያይ ልቡ ምን እንደሚል አውቃለሁ። የኔም ልብ ብሏል። እነዚያ ሰዎች ግን የወጣውንም የወረደውንም ጻፉት። ከዚያ 50 በሽተኞች ያሉት ጥናት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ፤ ሰፋ ያለ ጥናት ያስፈልጋል የሚል ነበር ድምዳሜው። የማከብራቸው ለዚህ ነው። ለሬዚደንቷም መልሴ ይኸው ነው፤ ገና የሚጠና እንጂ ዛሬ ዋርድ ውስጥ በእጃችን የምናዝዘው አይደለም። ሰውነት የደም ሥር ቀዳዳ የሚደፍነው በዚያው መረብ ነውና፣ ስንቆርጠው አንጎል ውስጥ ሊደማ ይችላል።

  

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ። ወጣት ሳለሁ ነው። በቀዶ ጥገና ከወለደች ሦስት ሳምንት የሆናት ልጅ ትንፋሽ አጥሯት መጣች። ደረቷን አዳመጥኩ፤ ኒሞኒያ (የሳንባ ምች) ነው ብዬ አንቲባዮቲክ ጀመርኩላት። እናቷ ሕፃኑን ታቅፈው ጥግ ላይ ቆመዋል። «ዶክተር፣ እግሬን እግሬን ትላለች እኮ» አሉኝ። «እሺ እናቴ፣ እናየዋለን» አልኩና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ አላየሁትም። ልጅቷ እስከ አንገቷ ጋቢ ለብሳ ነበር፤ ብርድ ብርድ ይላት ነበርና አልገለጥኩትም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሲስተር አንሶላ ልትቀይር ጋቢውን ስታነሳ ጠራችኝ። የግራ ባቷ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። ስነካው ይሞቃል። እዚያ የረጋው ደም ነበር ተነስቶ ሳንባዋ የገባው።

ግፊቷ አልወረደም፤ ስለዚህ የሚያስፈልጋት ሄፓሪን ነበር። ሄፓሪን የረጋውን አያሟሟም። መረቡ እንዳይሰፋ ይይዘዋል፤ የሚያሟሟውን የራሷ ሰውነት ያመርታል። ዳነች። እኔ ግን እናቷን ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ። ቲፒኤም ሄፓሪንም የሚረዳው የረጋ ደም መኖሩን ላሰበ ሐኪም ነው፤ እሳቸው ነግረውኝ ነበር።

ነገ ራውንድ ስትወጡ ትንፋሽ ያጠረውን ሁሉ እግሩን እዩ። ወልዳለች ወይ? ኦፕራሲዮን ነበራት? ብዙ ቀን ተኝታለች? ብላችሁ ጠይቁ። ከጉልበት በታች፣ ከአጥንቱ ጉብታ 10 ሳንቲ ሜትር ወረድ ብላችሁ ሁለቱንም ባት ለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ አልትራሳውንድ ላኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጋዎኔ ኪስ ወጥቶ አያውቅም፤ ቁጥሮቹ ስለጠፉ ሁለቴ ቀይሬዋለሁ።