መልስ፦ አሮጌ ኮምፒውተር መፍታት ለተማሪ ምን ይጠቅማል?
መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ ላሉት ተማሪዎችዎ «ፕሮግራም መጻፍ ከተማሩ፣ መጋዘን የተወረወሩትን ኮምፒውተሮች መፍታት ምን ይጨምርላቸዋል?» ብለው ጠይቀዋል። ብዙ ይጨምራል። ለጥገና ሙያ ብለው ከሆነ ግን ይተዉት፤ እሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

እኔ ቢሆን ከሃርድ ዲስኩ እጀምራለሁ። የተበላሸውን ዲስክ ክዳን ሲያነሱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ክብ ሳህንና በላዩ የተዘረጋ ቀጭን ክንድ ያገኛሉ። ብዙዎቹ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ዲስኮች በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራሉ፤ አንዱ ዙር 8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት ባለ 3 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር 25 ሚሊዮን ያህል ምት ይመታል። ዲስክ ከፕሮሰሰር ይህን ያህል እንደሚዘገይ በእጁ ያሰላ ልጅ፣ ዳታቤዝ ኢንዴክስ (ሁሉንም ከማሰስ የሚያድን፣ መረጃው የት እንዳለ የሚጠቁም ማውጫ) ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ብዙ አያደክምዎትም። የራምን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነገር መብራት ሲጠፋ ያዩታል፦ ሴቭ ያልተደረገው ሥራ ድራሹ ይጠፋል፣ ዲስክ ላይ የገባው ይተርፋል።

የላፕቶፕ ዲስክ ግን አያስከፍቱ፤ ሳህኑ ብዙ ጊዜ ብርጭቆ ስለሆነ ይሰባበራል። ፓወር ሰፕላዩንም (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበውን ሳጥን) ማንም እንዳይነካው፤ ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።