ስፔሰሮቹን ማን ፈታቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። መኪናዬ በኋላ እግሯ የምትገፋ የስፖርት ኩፔ ናት። ጎማዎቹ ከፓራፋንጎው እኩል እንዲወጡልኝ ብዬ ጥንድ ባለ 15 ሚሊሜትር ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጪ ለማውጣት ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ወፍራም ቀለበት) ገዝቼ ጓደኛዬ ጋ አስገጠምኩ። ካርቶኑ ውስጥ የጀርመን ምስክር ወረቀት ነበረው። ከሦስት ወር በኋላ በዝናብ ከአውቶባን ስወጣ ኩርባው ላይ ኋላዋ ሸሸብኝ፤ የመንገድ ዳር ብረቱን መታሁ፣ አጠገቤ የነበረች መኪናም ነካሁ። ፖሊስ መጥቶ ፎቶ አንስቶታል። ፎልካስኮ፣ የራሴንም መኪና ጉዳት የሚሸፍን ሙሉ መድን፣ አለኝ፤ ኢንሹራንሱ የጥያቄ ቅጽ ልኮልኛል። ስፔሰር እኮ መኪናን የሚያረጋጋ ነገር ነው። በዚህ ሰበብ ካሳዬን ሊከለክሉኝ ይችላሉ? አራት ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ነገርን ከሥሩ ነውና ከፎቶዎቹ ልጀምር። ከአደጋው በኋላ ግቢ ውስጥ የተነሱ ናቸው፤ አራቱም ጎማዎች ይታያሉ። አራቱም ወደ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። ከፓራፋንጎው እኩል የወጣ ጎማ አንድም የለም። ስለዚህ ስፔሰሮቹ ተፈተዋል። በጥያቄዎ ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፉም። ደግሞም ቅጹ ተላከልኝ አሉ እንጂ ሞልቼ መልሻለሁ ወይም ገና ነው አላሉም። ወንድሜ፣ ጠበቃ ዘንድ ሲመጡ ግማሹን ይዞ መምጣት ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሚያመውን እግር እንደ መደበቅ ነው። የጠየቁኝን እመልሳለሁ፤ ጉዳይዎን የሚወስነው ግን ያልጻፉት ነው።

ሕጉን በአጭሩ። የሌላይቱን መኪና ጉዳት የግዴታ መድንዎ፣ ሃፍትፍሊሽቱ፣ ይከፍላል፤ ስፔሰር ነበረው ብሎ ተጎጂውን አይመልሰውም። ከከፈለ በኋላ ግን ከአደጋው በፊት ለነበረው ጥፋት እስከ 5,000 ዩሮ ድረስ ዞሮ እርስዎን ሊጠይቅ ይችላል። በጀርመን የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት፣ ሌሎችን ለአደጋ ያጋልጣል ተብሎ የሚጠበቅ ለውጥ የተደረገበት መኪና የመንቀሳቀሻ ፈቃዱ ይወድቃል። ለውጡ የመንገድ ደህንነትን በጉልህ የሚነካ ከሆነ ቅጣቱ ለነጂው 90፣ እንዲነዳ ለፈቀደው ባለቤት 135 ዩሮ ነው፤ በነጂዎች መዝገብ ላይ የሚያዝ አንድ የጥፋት ነጥብም አለው። ይህ ከካሳው ጋር ሲተያይ ትንሹ ራስ ምታትዎ ነው።

ምስክር ወረቀት ነበረው ላሉት፦ ስንት ሰው ይህን ወረቀት ኪሱ ይዞ ቢሮዬ እንደመጣ! አብዛኛውን ጊዜ ከስፔሰር ጋር የሚመጣው ታይለጉታኽተን የሚባለው ነው። እሱ ፈቃድ አይደለም፤ ለፈቃድ ማመልከቻ የሚሆን ሰነድ ነው። እንደተገጠመ ሳይውል ሳያድር ቲዩፍ ወይም ዴክራ የሚባሉት የመኪና መርማሪ ድርጅቶች ዘንድ ቀርቦ መታየትና ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ካርቶኑ ውስጥ ከቀረ ዋጋው የካርቶኑ ያህል ነው። ወረቀቱ የሚሠራው በውስጡ ለተዘረዘሩት መኪናዎችና የጎማ መጠኖች ብቻ ነው። ፎቶዎ ላይ ደግሞ መኪናዋ ዝቅ ብላ አያታለሁ፤ ሞላዎቹንም ለውጠው ከሆነ ሁለቱ ለውጦች አብረው መመርመር ነበረባቸው። ይህንንም አልነገሩኝም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። የኢንሹራንስ ውል ሕጉ አንቀጽ 26 አደጋ የመድረስ ዕድልን ከፍ ያደረገ ለውጥ ሆን ብሎ ያደረገ ሰው ካሳውን ሊያጣ እንደሚችል፣ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ እንደ ጥፋቱ መጠን እንደሚቀነስበት ይደነግጋል። ግን አንድ በር ክፍት ትቷል፤ ለውጡ ለአደጋው ምክንያት ካልሆነ ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ይህን የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው። ስለዚህ ስፔሰር መኪናን ያረጋጋል የሚለው የጋራዥ ወሬ ሳይሆን፣ የእርስዎ ስፔሰር የእርስዎን መኪና ምን አደረጋት የሚለው ነው ጥያቄው።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ከቴክኒክ መርማሪዎች ጋር ስከራከር የተማርኩትን ልንገርዎ። በየጎማው 15 ሚሊሜትር ሲገባ በአንድ አክስል ላይ ባሉት ሁለት ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት በ30 ሚሊሜትር ይጨምራል። ቸርኬው ላይ 45 ተብሎ የተጻፈው ኢቲ፣ ማለትም ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው መሐል ያለው ርቀት በሚሊሜትር፣ 30 ይሆናል ማለት ነው። መኪና ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ውጪኛው ጎማ ይሄዳል፤ አክስሉ ሲሰፋ የሚሄደው ክብደት ይቀንሳል፣ ያ አክስል መንገዱን የበለጠ ይይዛል። ኋላ ከተገጠመ ኋላዋ ይጨብጣል፣ መኪናዋ ኩርባ ላይ በአፍንጫዋ ወደ ውጪ መግፋት ይቀናታል። ፊት ብቻ ከተገጠመ ግን ተቃራኒው ነው፤ ፊቷ ይጨብጣል፣ ኋላዋ ለመሸሽ ይቀርባል። ፊት ሲሆን ሌላም ጣጣ አለ። መሪው የሚዞርበት መስመር መሬት የሚነካበት ቦታና የጎማው መሐል ይራራቃሉ፤ አንዱ ጎማ ውሃ ውስጥ፣ ሌላው ደረቅ ላይ ሆኖ ፍሬን ሲያዝ መሪው ከእጅ ይጎትታል።

እርስዎ ጥንድ ገዛሁ ብለው ጻፉ። ፊት ነው ወይስ ኋላ? የሸሸው ኋላዋ ነው። ስፔሰሮቹ ኋላ ከነበሩ ጥሩ መርማሪ ጠበቃዎ ጎን ቆሞ፣ ኋላን የሚያረጋጋ ነገር ኋላን አላሸሸም፣ ይህ የውሃና የፍጥነት ጉዳይ ነው ሊል ይችላል። ፊት ከነበሩ ክርክሩ ይከብዳል። ቡሎኖቹም አሉ። 15 ሚሊሜትር ስፔሰር በዚያው ልክ የረዘመ ቡሎን ይፈልጋል፤ ውፍረቱ 14፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ለሆነ ቡሎን ወረቀቶቹ ቢያንስ 7.5 ዙር እንዲገባ ይጠይቃሉ። ጓደኛዎ አሮጌዎቹን ቡሎኖች ተጠቅሞ ከሆነ ጎማው ራሱ ላልቶ ሊሆን ይችላል። የጎማዎ ጥርስስ? ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ በዝናብ ኋላዋ እንዲሸሽ ያለቀ ጎማ ብቻውን ይበቃል።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ስፔሰሮቹ በቦታቸው ቢሆኑ ነበር። እርስዎ ፈቷቸው። ኋላ ነበሩ ቢሉ ዛሬ ማን ያምንዎታል? ሊያድንዎ የሚችለውን ምስክር በገዛ እጅዎ ከችሎት አስወጡት። የኛ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ ከአደጋ በኋላ ጓደኛ ይሰበሰባል፣ አንዱ ቶሎ ፍታው ይላል፣ ሌላው ቅጹ ላይ ለውጥ የለም በል ይላል። ክፋት የለባቸውም። ማን መክሯቸው!

ቅጹ ላይ ለውጥ ተደርጎበት ነበር ወይ ለሚለው የለም ብለው መልሰው ከሆነ ነገሩ ከስፔሰር ወጥቶ ወደዚያው የኢንሹራንስ ውል ሕግ አንቀጽ 28 ይገባል። በዚያ አንቀጽ ሆን ብሎ ያታለለ ሰው፣ ያታለለበት ነገር ለአደጋው ምክንያት ባይሆን እንኳ ካሳውን ያጣል። ቅድም ያልኩት ክፍት በር ይዘጋል። የጀርመን ፍርድ ቤቶች ማታለል ሲሉ ደግሞ የማይገባ ገንዘብ መፈለግን ብቻ አይደለም፤ ጥያቄ እንዳይበዛብኝ፣ ክፍያው እንዳይጓተት ብሎ መዋሸትም ይበቃቸዋል። ስፔሰር የነበረበት ቦታ ምልክት ይተዋል። ፖሊስ ያነሳው ፎቶ ላይ ጎማዎ እስከ ፓራፋንጎው ወጥቶ ይታይ ይሆናል። የገዙበት ደረሰኝ ኢሜይልዎ ውስጥ ነው፤ ምናልባትም ገጥመው የጨረሱ ዕለት ኢንስታግራም ላይ ለጥፈዋት ይሆናል።

ገና ካልመለሱት አይመልሱት። ጠበቃ ሳያይ አንድ መስመር አይጻፉ፤ የመመለሻው ቀን ከተቃረበ ጠበቃዎ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቅልዎታል። መልሰውት ከሆነ ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ ኢንሹራንሱ ሳይደርስበት በራስ ተነሳሽነት፣ ምንም ሳያስቀሩ ማረም። የዳኝነት ልምዱ እንዲህ ያለውን ማረሚያ የሚቀበልበት ጊዜ አለ። ግን ግማሽ እርማት የለም፤ ስፔሰሩን ተናግሮ ሞላውን መደበቅ ካለመናገር ይብሳል። ደብዳቤውን እርስዎ ሳይሆኑ ጠበቃ ይጻፈው።

ይህን የምለው ከጥቂት መስመርና ከአራት ፎቶ ተነስቼ ነው፤ ውልዎን አላየሁም፣ የፖሊሱን መዝገብ አላየሁም። በዚህ ሳምንት የትራፊክ ወይም የኢንሹራንስ ሕግ ልዩ ጠበቃ ያግኙ። የጠበቃና የክርክር ወጪ የሚሸፍን ሬሽትስሹትስ ኢንሹራንስ ካለዎት አስቀድመው ይጠይቋቸው። ገቢዎ አነስተኛ ከሆነ ከአካባቢዎ ፍርድ ቤት፣ ከአምትስገሪሽት፣ የበራቱንግስሂልፈ (የሕግ ምክር ድጎማ) ወረቀት ያውጡ፤ ከእርስዎ የሚጠየቀው 15 ዩሮ ነው። ሲሄዱ የስፔሰሩን ደረሰኝና ያን ምስክር ወረቀት፣ ፋርዞይግሻይኑን (የመኪናዋን የምዝገባ ወረቀት)፣ የኢንሹራንስ ውሉን ከነትናንሽ ጽሑፉ፣ የቅጹን ቅጂ፣ ከአደጋው በፊት የተነሱ የመኪናዋን ፎቶዎች ይያዙ። መኪናዋን ከእንግዲህ አያስነኩ፣ ለጥገናም አይስጡ፤ ገለልተኛ መርማሪ አሁን ባለችበት ይያት።

ስፔሰሮቹና ቡሎኖቹ ጓደኛዎ ጋ ካሉ ዛሬ ማታ ሄደው ያምጧቸው። እንዳያጥቧቸው፤ ዝገቱም ጭረቱም ለመርማሪው የሚነግረው አለ።