«ካሬኒና» የማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ አምስት ሆነን በየቅዳሜው ስለ መጽሐፍ እንጫወታለን። ለክረምቱ በባለታሪካቸው ስም የተጠሩ የቆዩ ልብ ወለዶችን መርጠን በ«አና ካሬኒና» ጀመርን። ሁለቱ ገና ከመነሻው ተዉት። አና ቶሎ አትመጣም፣ ስሞቹም ይምታታሉ። ስቲቫ ኦብሎንስኪ ወንድሟ ከሆነ የአባታቸው ስም ለምን ተለያየ? ቀጥሎስ ምን እናንብብ?
አንባቢ፣ ከጅሬን

መልስ፦ አባታቸው አንድ ነው፤ አርካዲ ይባላል። የሩሲያ ሙሉ ስም የራስ፣ የአባትና የቤተሰብ ተብሎ ሦስት ነው። እሷ አና አርካዲየቭና ካሬኒና፣ እሱ ስቴፓን አርካዲየቪች ኦብሎንስኪ። መካከለኛውን ብቻ ብታዩ እህትና ወንድም መሆናቸው ይገባችኋል። «ካሬኒና» የባሏ የካሬኒን ስም ነው፤ መጨረሻው ለሴት ሲሆን ይለወጣል። እኛ ዘንድ ሴት አግብታም በአባቷ ስም ስለምትጠራ ይህ ያልፈናል። ካለፈን ደግሞ ያስቆጫል፤ አና የምትታገለው ትዳር ገና ሽፋኑ ላይ ተጽፏልና።

የደብተራችሁን የመጨረሻ ገጽ ለስም ተዉት። ሙሉ ስሙን፣ የቤት ስሙን፣ የማን ምን እንደሆነ ጻፉ፦ ስቴፓን ስቲቫ ነው፣ ሚስቱ ዳሪያ ዶሊ፣ የዶሊ እህት ካትሪና ኪቲ። አንድ ወጥመድ አለ፤ የአና ባልም አና የምትወደው መኮንን ቭሮንስኪም ስማቸው አሌክሴይ ነው። ሁለቱን በቤተሰብ ስማቸው ብቻ መዝግቡ።

አና የምትመጣው በመጀመሪያው ክፍል ምዕራፍ 18፣ ሞስኮ ባቡር ጣቢያ ላይ ነው። እስከዚያ ያለው የወንድሟ ቤት ጠብ ነው፤ እሷም የምትመጣው ወንድሟንና ሚስቱን ልታስታርቅ ነው። የተዉት ሁለቱ እዚያ ድረስ ይታገሡ። መጽሐፉ 8 ክፍልና 239 ምዕራፍ አለው፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው። በሳምንት አንድ ክፍል፣ በቀን 5 ምዕራፍ ያህል ብታነቡ በ8 ቅዳሜ ያልቃል። ገጽ ቆጥራችሁ አትከፋፈሉ፤ የእያንዳንዳችሁ እትም ከተለያየ አትገናኙም። መቅድም ካለውም መጨረሻ ላይ አንብቡት፤ ብዙውን ጊዜ ፍጻሜውን ያወጣል።

ቀጥሎ «ማዳም ቦቫሪ» ይሁን። በዚህ ስም የሚጠሩ ሦስት ሴቶች አሉ፦ የሻርል ቦቫሪ እናት፣ የመጀመሪያ ሚስቱና ሁለተኛ ሚስቱ፣ ባለታሪኳ ኤማ። ታሪኩም የሚጀምረው በሻርል የትምህርት ቤት ቀን ስለሆነ «መጽሐፍ ተሳሳትን» አትበሉ።

«ዶን ኪሆቴ»ን ጅማ ብታነቡት ያምራል። ሰውየው ለፈረሱ ስም ለማውጣት 4 ቀን፣ ለራሱ 8 ቀን ይፈጅበታል፤ ንጉሡ አባ ጅፋር በፈረስ ስም በተጠሩበት አገር ይህ ቀልድ ብቻ ሆኖ አይነበብም። ስትገዙ ግን የምዕራፉን ብዛት እዩ። 52 ላይ ካለቀ እ.ኤ.አ. በ1605 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው፤ በ1615 የወጣው ሁለተኛው ሌላ 74 ምዕራፍ አለው።