ማንቂያው ለማን ነው የሚደርሰው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምሰራው። ባለፈው ሲቪ ፕሪንት ላስደርግ ቢሮዬ አጠገብ ያለች ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ በነሱ ኮምፒውተር ጂሜሌን ከፈትኩ፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበርና ተቻኩዬ ሎግ አውት ማድረጌን እንጃ። የስራ ባልደረባዬ በሌላ ኮምፒውተር ስትገባ ወዲያው ስልኳ ላይ መልእክት ይመጣላታል፣ ለኔ ግን ምንም የመጣ ነገር የለም። ይሄ ነገር ሴቲንግ ውስጥ የሚበራ ነው ወይ? የት ነው ያለው? ሰ. ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ሰ. እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው ቀድሞ የመጣልኝ «ጂሜሏን ማን ነው የከፈተላት?» የሚለው ነው፣ አትሳቂ። ይሄ ማንቂያ እኮ ፈልገሽ የምታበሪው ነገር አይደለም፣ አካውንትሽ በአዲስ ስልክ ወይ ኮምፒውተር ሲከፈት ጉግል ራሱ ነው የሚልከው፣ ወደ ኢንቦክስሽ፣ ሪከቨሪ (ፓስወርድ ሲጠፋሽ አካውንትሽን የምታስመልሺበት) ብለሽ ወዳስመዘገብሽው ሌላ ኢሜል፣ አካውንቱ ወዳለበት ስልክም። ስለዚህ ላንቺ ካልታየሽ ሌላ ሰው ጋ እየሄደ እንዳይሆን።

እዚህ አገር እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ መርካቶም ሆነ ፒያሳ ስልክ ስትገዢ ሻጩ ልጅ «ኢሜል አለሽ?» ይልሻል፣ የለኝም ካልሽው እዛው ቆሞ በሁለት ደቂቃ ይከፍትልሻል፣ ፓስወርዱን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፍልሻል፣ ሪከቨሪው ጋ ሲደርስ ግን የሱቁን ኢሜል ወይ የራሱን ስልክ ቁጥር ሞልቶ ያልፋል። ተንኮል ኖሮት ላይሆን ይችላል፣ ገበያ ስለሚጠብቀው ነው። የአክስቴን ስልክ ባለፈው ሳየው ሪከቨሪ ኢሜሏ ላይ «ሞባይል» የሚል ቃል ያለበት የማናውቀው አድራሻ ተቀምጧል፣ ለካ እሷ ስልክ በቀየረች ቁጥር ወሬው ለባለሱቁ ሲደርስ ከርሟል!

እና አሁኑኑ ጂሜል አፑን ክፈቺና ከላይ በስተቀኝ ያለችውን ክብ ምስል ንኪ፣ ጉግል አካውንት የሚለውን ከዛ ሴኪዩሪቲን ግቢ፣ ወረድ ስትዪ ሪከቨሪ ስልክና ሪከቨሪ ኢሜል ታገኛለሽ። የማታውቂው ካለ በራስሽ ቀይሪው፣ በእጅሽ የሌለ የድሮ ሲም ካርድ ቁጥር ከሆነም እንደዛው። አንድ ነገር ግን፣ ከቀየርሽ በኋላም እስከ 7 ቀን ድረስ ጉግል መግቢያ ኮድ በድሮው አድራሻ ሊልክ ስለሚችል ያን ሳምንት ነቃ በዪ።

እዛው ሴኪዩሪቲ ውስጥ ዲቫይስ የሚል አለ፣ ባለፉት 28 ቀናት አካውንትሽ የተከፈተባቸውን ይዘረዝርልሻል። ዊንዶውስ የሚል ኮምፒውተር ካየሽና ቀኑ ሲቪ ፕሪንት ያስደረግሽበት ቀን ከሆነ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ናት ማለት ነው፣ ነክተሽ ሳይን አውት በያት፣ ሄደሽ መለመን አያስፈልግሽም። ከዛ ፓስወርድሽን ቀይሪ፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንም (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሪ። 10 ባክአፕ ኮድ እንዲሰጥሽ ጠይቂውና ወረቀት ላይ ገልብጪ፣ ስልክሽ የጠፋ ቀን በነሱ ትገቢያለሽ፣ እያንዳንዱ የሚሰራው ግን አንዴ ብቻ ነው።

ሌላው፣ ማንቂያው ኢንቦክስሽ ገብቶ ስልክሽ ዝም ብሎም ሊሆን ይችላል። ጂሜል ሴቲንግ ውስጥ አካውንትሽን ስትነኪ ኖቲፊኬሽን አለ፣ «ነን» (ምንም) ላይ ከሆነ «ኦል» (ሁሉንም) አድርጊው። ፓኬጅ እንዳያልቅ ዳታ ዘግተሽ የምትውዪ ከሆነ ደግሞ የጠዋቱን የምታዪው ማታ ነው፣ ለዚህ መድሃኒት የለኝም። ማንቂያ የሚመስል የውሸት ኢሜልም አለ፣ ውስጡ ያለውን ሊንክ ከምትነኪ ቅድም ባልኩሽ መንገድ ራስሽ ገብተሽ እይው። ለሚቀጥለው ሲቪሽን ፒዲኤፍ አድርገሽ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ በቴሌግራም ላኪለት፣ ጂሜልሽን እዛ ምን ያስከፍትሻል?

ጥያቄ፦ እኔ ለገሃር ቁጭ ብዬ ማንቂያው ኔዘርላንድ ነው የተገባው ይለኛል፣ ተጠለፍኩ እንዴ? አ. ከለገሃር

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ቪፒኤን (ኢንተርኔትህን በሌላ አገር ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈው አፕ) አለህ አይደል? በ2015 ፌስቡክና ቲክቶክ የተዘጉ ጊዜ አውርደነው እስካሁን ያላጠፋነው ብዙ ነን። ጉግል ቦታውን የሚገምተው ከአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ስትጠቀም ከሚታየው መለያ ቁጥር) ስለሆነ ቪፒኤኑ ኔዘርላንድ ካለ ሰርቨር ጋር ሲያገናኝህ እሱም ኔዘርላንድ ነህ ይልሃል። ስለዚህ አገሩን ተወውና የዲቫይሱን ስምና ሰዓቱን እይ፣ ስልኩ ያንተ ከሆነና አንተ በገባህበት ደቂቃ ከሆነ ራስህ ነህ። የማታውቀው ስልክ ከመጣ ግን እኔ አይደለሁም የሚለውን ነክተህ ያኔውኑ ፓስወርድ ቀይር። ከዛ በፊት ግን ቤት ያለውን የልጆቹን ታብሌት አንዴ እየው።