የአባትሽ ዓይነት ለእናትሽ ላይሆን ይችላል (ስለ ዳሌ ቅየራ ለጠየቅሽው)

ሰላም ልጄ። «አባቴ ዳሌው ተቀይሮለት ደህና ይራመዳል፤ አሁን እናቴም ትቀየር ተብሏል፤ ለሴት ይከብዳል የሚሉት እውነት ነው?» ብለሽ የጻፍሽውን አየሁት። «ልዩነት የለውም» ብለው የመለሱልሽን አትስሚ። ታላቅ ወንድሜም እኔም ተቀይረናል፤ ልዩነቱን በራሴ አይቼዋለሁ።

1. አታዘግዩ። ለሴት ይበልጥ የሚከብደው ኦፕራሲዮኑ ሳይሆን እዚያ እስኪደረስ ያለው ነው። ወንድሜ «ብሽሽቴን ያመኛል» ሲል በዚያው ቀን ራጅ ታዘዘለት። እኔ ያንኑ ብናገር ማህፀን ሐኪም ዘንድ ተላክሁ። አልትራሳውንድ፣ የሽንት ምርመራ፣ አንቲባዮቲክ! ሕመሙ ወደ ጉልበቴ ሲወርድ ደግሞ ጉልበቴን ራጅ አንስተው «ደህና ነው፤ ዕድሜ ነው፣ ውፍረት ቀንሺ» አሉኝ። የዳሌ ሕመም ብሽሽት ላይ እንደሚሰማና ጉልበት ድረስ እንደሚወርድ የአጥንት ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል፤ ወደ አጥንት ሐኪም የሚልከኝ ነው የጠፋው። ካልሲ ለማጥለቅ ልጄን እስክጠራ፣ ታክሲ ውስጥ እግሬን በእጄ አንስቼ እስካስገባ ድረስ ዲክሎፌናክ ስውጥ ከረምኩ፤ ጨጓራዬም ተላጠ። በመጨረሻ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዳሌዬን ራጅ ካላነሳችሁኝ አልወጣም» አልኩ። ተነሳ፤ አጥንት ለአጥንት ሆኗል። ወንድሜ አቅሙ ሳይከዳው ነው ኦፕራሲዮን የገባው፤ እኔ ግን የጭኔ ጡንቻ ከሟሸሸ በኋላ ስለሆነ ዎከር ለመጣል ከእሱ ይልቅ ብዙ ቆየሁ። የኔ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሴቶች ሕመሙ ከጸና በኋላ ነው ኦፕራሲዮን የሚደርሱት የሚለው በውጭም የተጠና ነገር ነው።

2. የሚገባውን ዕቃ ጠይቂ። ወንድሜ ህንድ አገር ቼናይ ሄዶ የተሠራለት የጭን አጥንቱ ራስ ሳይቆረጥ በብረት የሚለበጥበት ዓይነት ነው። እኔም እዚያው ሄጄ «የእሱን አድርጉልኝ» ስል ሐኪሙ እምቢ አለኝ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አመሰግነዋለሁ። የሴት አጥንት ራስ አነስ ስለሚል ብረት በብረት ሲፋተግ የሚወጣው ብናኝ ሥጋውን ይጎዳል፣ ቶሎም ይበላሻል። ከዚሁ ከሚለበጠው ዓይነት በርሚንግሃም የሚባለውን የሚሠራው ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ትንንሾቹን መጠኖች ከገበያ አንስቶ ለሴት አይገጠም ብሏል። ለእኔ ሙሉው ተቀየረ፤ ኳሱ ሴራሚክ፣ የሚያርፍበት ፕላስቲክ። ካረጥኩ በኋላ አጥንቴ ስለሳሳ ጭን ውስጥ የሚገባውን ዘንግ በሲሚንቶ ያዘው፤ ያለ ሲሚንቶ በግፊት ሲገባ የሳሳ አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። እናትሽም ያረጡ ስለሚሆኑ «ሲሚንቶ ነው ወይስ ያለ ሲሚንቶ? ለምን?» በይ። ሐኪም ሲጠየቅ ከተቆጣ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ቁጥር ለምትፈልጊ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ዳሌው የተቀየረለት ከ35 ሺህ በላይ ሰው የታየበት ጥናት ዕድሜና ሌላው ልዩነት ከታሰበ በኋላ ሴቶች ላይ ዕቃው የመበላሸት ዕድሉ በ29 በመቶ ይበልጣል ብሏል። ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ግን በሦስት ዓመት ገደማ የተበላሸባቸው ከመቶ ሴት 2.3፣ ከመቶ ወንድ 1.9 ናቸው። ለእናትሽ ሁለቱንም ንገሪያቸው። ኢንፌክሽን ደግሞ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ቁስሉ ያመረቀዘው የወንድሜ ነው፣ የኔ በሰላም ደረቀ።

3. ደም ማነስ እንዳለባቸው አስቀድማችሁ አስመርምሩ። ሴት ብዙ ጊዜ ደም ማነስ ይዛ ስለምትገባ ደም የሚሰጣት ይበዛል። እኔ የብረት ኪኒን ወስጄ ስለገባሁ አንድ ከረጢት እንኳ አላስፈለገኝም።

4. ውጭ የምትሄዱ ከሆነ ወረቀቱን ቀድማችሁ ጀምሩ። እኔ ስሄድ ለዶላሩ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። እኔ በሄድኩበት ቢሮ አንዱ ፋይሌን እያገላበጠ «እናቴ፣ በዚህ ዕድሜ የት ለመሄድ ነው? ምርኩዝ ይግዙ» አለኝ። ከፊቴ የነበሩትን ሽማግሌ ግን «አባቴ፣ ቶሎ ይታከሙ» ብሎ ነው የሸኛቸው። «አራት ልጅ ያሳደግሁት በዚህ እግር ነው፤ ፈርም» አልኩት። ቆሜ ጠበቅሁ፣ ፈረመ። እናትሽን ብቻቸውን አትላኪያቸው።

5. ቤቱን ሳይመለሱ አስተካክዪ። ወንድሜ ሲመለስ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ምግቡም መጠጡም ቀረበለት። እኔ ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ቡናው የታለ?» የሚል ዓይን ነበረብኝ። ዱካ ላይ መቀመጥ ደግሞ ክልክል ነው፤ ዳሌው ከኋላ በኩል ተከፍቶ ለተሠራ ሰው ጉልበት ከዳሌ በላይ ከወጣ ኳሱ ሊወልቅ ይችላል፤ ጭራሽ ጎንበስ ብሎ ከሰል ማራገብ! ልጄ ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አወጣችው፣ ከሰሉ በቡታጋዝ ተተካ፣ እኔም ከፍ ባለ ወንበር ላይ ሆኜ አፈላሁ። ምጣዱም ከፍ ይበል። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ ሳይሄዱ በፊት አስቀይሩት። ስግደቱንም ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ቆሜ ጎንበስ እንድል ፈቀዱልኝ፤ እናትሽም ይጠይቁ፣ ካልተነገራቸው በሰሙነ ሕማማት መሬት መውረዳቸው አይቀርም።

ሐኪሙ ከኋላ ነው ወይስ ከፊት የሚሠራው? የአጥንት እፍጋትስ ተለክተዋል? ጻፊልኝ፤ ማታ ማታ እገባለሁ፣ የማውቀውን እነግርሻለሁ።