መልስ፦ ሬዲዮ ሳይኖረኝ አማተር ሬዲዮ መጀመር እችላለሁ?

ሰላም ወንድሜ፣ አማተር ሬዲዮ ማለት ግለሰቦች ፈቃድ አውጥተው ለትርፍ ሳይሆን በሬዲዮ ከዓለም ጋር የሚገናኙበት ነው፤ ሬዲዮ ባይኖርህም መጀመር ትችላለህ። 4 ኪሎ ከሆንክማ ቅርብህ ነው፤ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ መቀመጫው 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ነው። መታወቂያህን ይዘህ ሂድና ጠይቅ። ያለፈቃድ ማሰራጨት ክልክል ስለሆነ ሬዲዮ ለመግዛት አትቸኩል።

እስከዚያው በስልክህ የሆላንዱን የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ዌብኤስዲአር (በኢንተርኔት የሚደመጥ ሬዲዮ መቀበያ) ክፈት፤ ነፃ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ 14.200 ሜጋኸርዝ ላይ አድርገህ ዩኤስቢ (USB) የሚለውን ምረጥ፤ የኮምፒውተሩ መሰኪያ ሳይሆን አማተሮች ድምፅ የሚልኩበት ስልት ነው። ኤኤም (AM) በሚባለው በተለመደው የሬዲዮ ጣቢያዎች ስልት ላይ ከተውከው ድምፁ የዳክዬ ጩኸት ይመስላል፤ ኤኤም የሚፈልገው፣ ድምፁን የሚሸከመው ሞገድ በዩኤስቢ አብሮ ስለማይላክ ነው።

ክለቡ ጣቢያ ስትገባ ጀማሪን የሚያስደነግጠው ማይክሮፎኑ ነው። በዓለም ላይ በኢቲ (ET) የሚጀምረው የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት፣ ማለትም የጣቢያ መለያ ስም፣ ብርቅ ስለሆነ አንዴ ስትጣራ ብዙዎች በአንድ ላይ ይመልሱልሃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አጠገብህ ይቀመጥ። ሁሉንም ልስማ አትበል፤ ከጩኸቱ መሃል ሁለት ፊደል ከያዝክ እነሱኑ ደግመህ ጥራ፦ «ኪሎ ሊማ፣ ድገሙ» (ኪሎ ሊማ ማለት K እና L ፊደላት ናቸው)። ሌላው ቢጮህም ያንን ሰው ሳትጨርስ ወደ ሌላ አትለፍ፤ ካለፍክ ሁሉም መደራረብ ይጀምራል። ካቃተህ «ከ5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ከፍ ብላችሁ ጥሩ» በል፤ ያኔ እነሱ በሌላ ሞገድ ስለሚጠሩ ያንተ ድምፅ ለሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማል። የጥሪ ምልክቱንና ሰዓቱን በዓለም አቀፍ አቆጣጠር፣ ማለትም የእኛን ሰዓት መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይረህ 3 ሰዓት ቀንሰህ (ከቀኑ 10 ሰዓት 16:00 ነው፤ ስለዚህ 13:00 ይሆናል)፣ ወዲያው መዝግብ።