ከጣና ዳር ሰማይን ስናይ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባህር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ሰማይ አያለሁ። ሰሞኑን ስለ ከዋክብትና ስለ ጠፈር ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቴሌስኮፕ የለኝም። ከምን ልጀምር?

ከዓይንህ ጀምር። አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ቁምና ፊትህን ወደ ውሃው አዙር። ከተማችን ያለችው በጣና ደቡብ ጫፍ ስለሆነ የምታየው ወደ ሰሜን ነው። የመንገዱ መብራት ሁሉ ከጀርባህ ይቀራል። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው።

አሁን ክንድህን ዘርግተህ እጅህን ጨብጥ። አንድ ጭብጥ ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ጭብጥህን ውሃው መስመር ላይ አስቀምጥና ከእሱ በላይ ትንሽ ከፍ ብለህ እይ። ብዙም የማትደምቅ፣ ብቻዋን የቆመች ኮከብ አለች። የሰሜን ኮከብ እሷ ናት። ባህር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ነው ያለችው፤ ኮከቧም ከአድማስ በላይ የምትቆመው ያንኑ ያህል ነው። በባዶ እጅህ ያለህበትን ኬክሮስ ለካህ ማለት ነው። አንድ ሰዓት ቆይተህ ብትመለስ ሌሎቹ ሁሉ ተንቀሳቅሰዋል፤ እሷ እዚያው ናት።

ጥያቄ፦ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። የቱን ቴሌስኮፕ ልግዛ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ባይኖኩላር ግዢ። ካርቶኑ ላይ «500 ጊዜ ያጎላል» የሚል ርካሽ ቴሌስኮፕ ገንዘብሽን ይበላል። እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ከሳምንት በኋላ አልጋ ሥር ይገባል። 10 በ50 የሚባለው ባይኖኩላር ይሻልሻል። 10 ጊዜ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው።

ክርንሽን አጥር ወይም የወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፊና ጁፒተርን እዪ። ከጎኑ በአንድ መስመር የተሰለፉ ጥቃቅን ነጥቦች ታያለሽ። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች ናቸው። በማግስቱ ብትመለሺ ቦታ ቀያይረዋል። የመጀመሪያ ቀን ያየኋቸው ጊዜ እጄ ተንቀጥቅጦ ባይኖኩላሩን ማስቀመጥ ነበረብኝ።

የሳተርንን ቀለበት ለማየት ግን 30 ጊዜ ገደማ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። በመጋቢት 2017 ቀለበቱ በጠርዙ በኩል ወደ እኛ ዞሮ ነበር፤ ቀጥኖ የጠፋ የመሰለው ለዚያ ነው። ከዓመት ዓመት እየተከፈተ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እኔ ጎርጎራ ነኝ። ለእኛ ሐይቁ በደቡብ ነው። ቀረብን ማለት ነው?

ኧረ በጭራሽ! እናንተ ደግሞ የደቡብ መስቀል የሚባለውን ውሃው ላይ ታያላችሁ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ደቡብ እዩ። ከአድማስ ሁለት ጭብጥ ሳይሞላ አራት ኮከቦች በመስቀል ቅርጽ ይቆማሉ። አውሮፓ ያሉ ሰዎች ይሄን አያዩም። አውስትራሊያ ያሉት ደግሞ የሰሜን ኮከብን አያዩም። እኛ ሁለቱንም እናያለን። ያው ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚነሳ ሰው ካለ፣ ፍኖተ ሐሊብ በጣም የሚደምቀው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ሌሊት ሐይቁ ዳር ካልወሰድሽኝ እያለ አስቸገረኝ። አያሰጋም?

እናቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። እዚያ ውሃ ዳር ማምሸት አይገባም። ትንኙም አለ፤ እጅጌው ረጅም ልብስ ያልብሱት። ለጀማሪ ግን ግቢያችሁ ይበቃዋል። የበረንዳውን አምፖል ያጥፉለት፣ ስልኩን ይቀበሉት፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ይታገስ። ከዚያ ሰባቱን ከዋክብት ስንት አድርጎ እንደሚቆጥራቸው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ማርስ ላይ ሕይወት ተገኘ የሚባለው እውነት ነው?

ሕይወት አልተገኘም። የተገኘው ነገር ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነው፤ በተለይ ለጣና ልጅ።

ፐርሲቪራንስ የምትባለው የናሳ ሮቦት በየካቲት 2013 ማርስ ላይ ያረፈችው ጄዜሮ በሚባል ጎድጓዳ ቦታ ነው። ስፋቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ውስጥ ቢቀመጥ ይገባል፣ ቦታም ይተርፋል። ይሄ ጎድጓዳ ከ3 ቢሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት ሐይቅ ነበር። ወንዝ ይገባበት ነበር። ወንዙ ደለሉን ያራገፈበት ቦታ ዛሬም ከላይ ሲታይ ተዘርግቶ ይታያል። ግልገል ዓባይ ጣና ሲገባ ደለሉን እንዴት እንደሚዘረጋው በሳተላይት ፎቶ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ሐምሌ 2016 ላይ ሮቦቷ ያ ወንዝ ይወርድበት በነበረው ሸለቆ ውስጥ አንድ ድንጋይ አገኘች። ላዩ ላይ የነብር ቆዳ የመሰለ ነጠብጣብ አለው፦ መሃሉ ፈካ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ። ጥናቱ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ታተመ። ነጠብጣቦቹ ውስጥ ብረትና ፎስፌት ያለበት ቪቪያናይት፣ ብረትና ድኝ ያለበት ደግሞ ግሬጋይት የተባሉ ማዕድናት ያሉ ይመስላል። እኛ ምድር ላይ እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ የሚገኙት የበሰበሰ ነገር ባለበት የሐይቅ ጭቃ ውስጥ ነው። ደንገል ሥር ያለውን ጥቁር ጭቃ በእግራችሁ ስትረግጡት ብቅ የሚለውን ሽታ ታውቁታላችሁ አይደል? እዚያ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ከብረትና ከድኝ ጋር እየሠሩ ነው። ጥያቄው በጄዜሮም እንዲህ ነበር ወይ ነው። ያለ ሕይወት፣ በኬሚስትሪ ብቻም ሊፈጠር ስለሚችል ማንም «አገኘን» አላለም። ናሙናው ተቆፍሮ ቱቦ ውስጥ ታሽጓል፤ ያለው ግን እዚያው ማርስ ላይ ነው። እዚህ መጥቶ በላብራቶሪ ካልታየ ቁርጡ አይታወቅም። እኔ በበኩሌ ከዚህ በላይ የምጓጓለት የጠፈር ሥራ የለም።

ጥያቄ፦ ከሌላ ኮከብ የመጣው ነገር መንኮራኩር ነው ይላሉ። አንተስ?

3አይ አትላስን ነው የምትለው። ሰኔ 24 ቀን 2017 ቺሊ ባለ ቴሌስኮፕ ተገኘ። ጅራታም ኮከብ ነው፤ ጋዝና አቧራ እየተፋ ታይቷል። ከፀሐይ ቤተሰብ ውጪ መጥተው ካየናቸው ሦስተኛው ነው። የቀደሙት ኦሙአሙአ እና ቦሪሶቭ ይባላሉ። የእኛ እንዳልሆነ የሚያሳብቅበት ፍጥነቱ ነው። ከፀሐይ ስበት ርቆም በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ከባህር ዳር ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ በአንድ ሰከንድ በለው! ፀሐይ እንዲህ የሚሮጠውን ይዛ ማስቀረት አትችልም። ለምድር በጣም የቀረበው ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ሲሆን ያኔም 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። ስጋት የለውም።

ጥያቄ፦ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ መብራቶች ሰማይ ላይ ሲሄዱ አየን። ምንድን ናቸው?

ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው። ገና እንደተመነጠቁ ተከታትለው ይሄዳሉ፣ በኋላ ይበታተናሉ። ብርሃኑ የፀሐይ ነጸብራቅ ነው።

ጥያቄ፦ እኛስ ሳተላይት አለን?

የመጀመሪያዋ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ተመነጠቀች። 72 ኪሎ የምትመዝን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ነበረች። እንጦጦ ላይ ደግሞ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። ይሄ ኮከብ ቆጠራ ነው ይሉኛል።

አባትሽን በአክብሮት ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ጠይቂያቸው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ሁልጊዜ ተደምረው ለምን 30 እንደሚሆኑ ያስረዱሽ። በ19 ዓመት ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ ትሞላለች፤ ከዚያ ፀሐይና ጨረቃ ወደ ጀመሩበት ይመለሳሉ ማለት ይቻላል። አባቶቻችን በዓላትን የሚያወጡት በዚህ ዑደት ነው። ዕጣ ፈንታ መናገር ሌላ ነው። እኛ የምንሠራው እሳቸው የሚያውቁትን ዓይነት ቆጠራ ነው።

ጥያቄ፦ ቀጣዩ የፀሐይ ግርዶሽ መቼ ነው?

ከእኛ አገር የሚታየው ቀጣዩ ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ግብፅ ሉክሶር አካባቢ ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች። እኛ ጋ በከፊል ነው፤ ጊዜውም ክረምት ስለሆነ ደመናው ካልከለከለን። በራጅ ፊልም፣ በፀሐይ መነጽር ወይም ውሃ ውስጥ ማየት ዓይን ያጠፋል፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ለዚህ የተሠራው የግርዶሽ መነጽር ብቻ ነው የሚሆነው።

መነጽር ያላገኘ ጀርባውን ለፀሐይ ይስጥ። ሰኔ 14 ቀን 2012፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ተጋርዳ ቀለበት መስላ የታየችበት ጠዋት፣ እኔ እዚህ የተመለከትኩት የጎረቤቴን ግድግዳ ነበር። በማንጎው ቅጠሎች መሃል ሾልኮ ያረፈው ብርሃን ሁሉ፣ እያንዳንዱ ነጥብ፣ የማጭድ ቅርጽ ነበረው። የጎረቤት ልጆች እየሮጡ መጥተው በእጃቸው ሊይዙት ሞከሩ፤ መዳፋቸው ላይም ማጭድ ሆነ።